የአሮጌ መኪና ስም ለአዲስ መኪና



በአገራችን ልጅ የሞተበት ሰው ቀጥሎ የተወለደለትን ምትኩ ወይም ካሳ ይለዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሟቹን ስም አይደግምለትም። የመኪና ፋብሪካዎች ግን ዛሬ የሟቹን ስም ራሱን ያወርሳሉ።

የአዲስ አበባ ሰዎች ሰይቼንቶ የሚሉት፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ትንሹ ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ሰይቼንቶ በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ሲሆን ሞተሩም 633 ሲሲ ነበር። በ2023 ፊያት ይህንኑ ስም ለኤሌክትሪክ መኪና ሰጠ። አዲሱ ሲሊንደር የሚባል ነገር የለውም፤ ርዝመቱም ከቀድሞው በአንድ ሜትር ያህል ይበልጣል። ታዲያ ስድስት መቶው ምኑ ነው? ሬኖም የ1972ቱን ሬኖ 5 በ2024 እንዲሁ በባትሪ አስነሥቶታል።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ገዢ የሚያውቀውን ስም ሲሰማ ልቡ ይሳባል፤ ነገር ግን የድሮውን ሰይቼንቶ ሲፈታ የኖረ መካኒክ በዚያው ሙያ የአዲሱን ባትሪ አይጠግንም።

ለእኔ የሚበልጠው ስም የአዲስ አበባው «ውይይት» ነው። ያን ታክሲ እንዲህ ብሎ የጠራው ፋብሪካ ሳይሆን፣ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጠው ሕዝብ ነው። ከኢንጅባራ ዳንግላ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ በመጣ ጊዜ ውይይት ቢባል አልቃወምም፤ ሞተሩ ስለማይጮህ ተሳፋሪው በእርግጥ ይደማመጥበታል።