ፈቃዱ የእናንተ፣ መብቱ የደንበኛው

ውድ የሕግ ተመራቂዎች፤

የመውጫ ፈተናውን አልፋችሁ ጋወን ለብሳችኋል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ «ጠበቃችን» ማለቱ አይቀርም። ገና ናችሁ። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ለፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ የሚጠይቀው የሥራ ልምድና ፈተና ከፊታችሁ ነው፤ ክልሎችም ለየፍርድ ቤቶቻቸው የየራሳቸውን ፈቃድ ይሰጣሉ።

በሩ ጠበበ የምትሉ ካላችሁ ችሎት ደጃፍ ቆማችሁ እዩ። ፈቃድ የሌለው «ጉዳይ አስፈጻሚ» ከአንዲት እናት ገንዘብ ተቀብሎ የ60 ቀኑን የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ጊዜ ቢያሳልፍባት፣ ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ግን በዲሲፕሊን ይከሰሳል፤ ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል። ገደቡ የተበጀው ለእሷ ነው።

መብቱም እንዲሁ ነው። የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 እና አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 2 አንብባችኋል። በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት ያለው ተከሳሹ ነው። በጠበቃው የመጎብኘት መብት ያለውም የታሰረው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ «ኃላፊው የለም፣ ነገ ተመለስ» ስትባሉ፣ እሺ ብላችሁ ብትመለሱ የተዋችሁት የራሳችሁን ክብር አይደለም። የሰው ንብረት ነው የተዋችሁት። የከለከላችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን መዝግቡ፣ ክልከላው በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ አቤቱታችሁን ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለፍርድ ቤት አቅርቡ። ጠብ ፈላጊ ትባሉ ይሆናል፤ ተባሉ።

ከዘመድም የሚመጣ ፈተና አለ። «እንዴት ለእንዲህ ያለ ሰው ትቆማለህ?» ይሏችኋል። በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሃቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሆዎች፣ ጠበቃ ሥራውን በመሥራቱ ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ጉዳይ ጋር አንድ ተደርጎ እንዳይታይ ይላሉ። ይህ ጥበቃ ግን የሚያምርባችሁ እናንተም ራሳችሁን ከደንበኛው ጋር ካላደባለቃችሁ ነው። ከጉዳዩ የግል ጥቅም የሚጠብቅ፣ ወይም ትናንት በዳኝነት ያየውን መዝገብ ዛሬ በጥብቅና የሚይዝ ሰው፣ መርሁን ለመጥራት አፉ አይደፍርም።

ስለ ቲክቶክ ሳልናገር ብወርድ ወጣቶቹ ይታዘቡኛል። ሕግን ለሕዝብ ማስተማር ደግ ነገር ነው፤ ስለ ውርስና ስለ ቤት ኪራይ ውል በሁለት ደቂቃ በቀላል አማርኛ የሚያስረዱ የሕግ ባለሙያዎችን እኔም አያለሁ። «ዛሬ አንድ ደንበኛዬ ምን አለኝ መሰላችሁ» ተብሎ ሲጀመር ግን ስልኬን እዘጋለሁ። ስሙን አልጠራሁም ማለት አያድንም፤ ባል ታሪኩን ሲሰማ ሚስቱን ያውቃታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ማውጣትን በወንጀል የሚያስቀጣ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ምስጢሩን የነገራችሁ ሰው ያመነው ካሜራችሁን አይደለም።

ነጻ አገልግሎትም አለ። በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ መሥራትን ግዴታ አድርጎ ነበር። ለእኔ ትንሽ ነው፤ ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው ግን ያ ሰዓት ወረቀት ላይ የተጻፈው መብቱ ችሎት የሚደርስበት መንገድ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። ልጃችሁ ጠበቃ ሲሆን በቡና ሰዓት «የእነ እገሌ ፍቺ እንዴት ሆነ?» አትበሉ። ከጠየቃችሁም፣ ስኒውን አንስቶ ስለ ዝናቡ ማውራት ቢጀምር አትቀየሙት። እንኳን ደስ አላችሁ!