መጽሐፍን ስለ መጠበቅና ቃልን ስለ ማዳመጥ

በሀደሮና በዙሪያዋ ባሉት ትምህርት ቤቶች ሕፃናትን ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ንግግር



በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ አንድ መጽሐፍ የሚገኘው በብዙ ድካም ነበር። ብራናው ተፍቆ፥ ቀለሙ ተበጥብጦ፥ ጸሐፊው ብዙ ቀን ተቀምጦ ከጻፈው በኋላ፥ በቆዳ ማኅደር ተከቶ ይሰቀል ነበር። የሰረቀውና የፋቀው የተረገመ ይሁን የሚል ቃልም በብዙ መጻሕፍት ላይ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ማተሚያ ቤት መጽሐፍን በሺህ ያወጣዋል። ነገር ግን በገጠር ትምህርት ቤት አንዱን የተረት መጽሐፍ ብዙ ሕፃናት በተራ የሚጠብቁት ስለ ሆነ፥ ብርቅነቱ ገና አልቀረም።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው፥ ሕፃናት ሥርዓቱን ሳይማሩ ሲቀሩ መጽሐፉ ይቀደዳል። ሁለተኛው፥ የጠፋውን ክፈል እንዳይባል የሚሰጋ ጠባቂ መጻሕፍቱን በሣጥን ቆልፎ ያኖራቸዋል። ስለ መስጋቱ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከተቀደደው መጽሐፍ የሚጎድለው አንድ ቅጠል ሲሆን፥ ከተቆለፈው ግን ለሕፃኑ የሚደርሰው ምንም የለም። ሣጥኑን የሚያስከፍተው የሕፃናቱ መልካም ልማድ ነው።

ሕፃን «አትንካ» በሚል ቃል ብቻ አይማርም፤ ምክንያቱን ሲያውቅ ግን ይጠነቀቃል። የሀደሮ ልጅ ከብት ይጠብቃል፥ ውሃ ይቀዳል፥ በእንሰቱና በዝንጅብሉ ማሳ ወላጆቹን ይረዳል። ስለዚህ እጁ አፈር ቢነካው የትጋት ምልክት እንጂ ነውር አይደለም። መምህሩ በደጃፉ ውሃ አኑሮ፥ «ይህ እጅ ሥራውን ፈጽሟል፤ አሁን ይታጠብና መጽሐፍ ይያዝ» ቢለው፥ ልጁ ሳያፍር ይታዘዛል።

ሕፃን ብዙ ትእዛዝ መያዝ አይችልምና ሥርዓቱ አምስት ቢሆን ይበቃል። መጀመሪያ፥ እጅን ታጥቦና አድርቆ መጽሐፍ መያዝ። ሁለተኛ፥ ቅጠሉን ከላይኛው ማዕዘን በቀስታ መግለጥ፥ ጣትንም በምራቅ አለማርጠብ። ሦስተኛ፥ የደረሱበትን በወረቀት ቁራጭ ማመልከት እንጂ ቅጠሉን አለማጠፍ። አራተኛ፥ ሲዋሱ ስምንና ቀንን በመዝገብ ማስጻፍ፥ በቀጠሮውም ቀን መመለስ። አምስተኛ፥ መጽሐፉ ቢቀደድ ሳይደብቁ ለመምህሩ መንገር።

ይህ አምስተኛው የሚጠበቀው መምህሩ የማይመታ ሲሆን ብቻ ነው። ልጁ ዱላ ከፈራ የተቀደደውን ይሰውራል፤ በጥቂት ሙጫ ሊጠገን ይችል የነበረውም ጠፍቶ ይቀራል።

ለብቻው የተሠራ ክፍል የለንም ብሎ ሥራውን ማዘግየት አይገባም። በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአዋሳ መጻሕፍት በአህያ በሚሳብ ጋሪ ለሕፃናት እንዲደርሱ አደረጉ። መጻሕፍት በጋሪ ላይ ሆነው ካነበቡባቸው፥ በክፍል ጥግ ባለ አንድ መደርደሪያም ይነበባሉ። በመደርደሪያውም ላይ በላቲን ፊደል የተጻፉት የከምባትኛ መጻሕፍትና በግዕዝ ፊደል የተጻፉት የአማርኛ መጻሕፍት በየወገናቸው ቢቀመጡ፥ ልጁ የሚፈልገውን ፈጥኖ ያገኛል።

ስለ ማዳመጥም እንዲሁ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ ዜማውንና ቅኔውን የሚማረው ከመምህሩ አፍ በጆሮው እየተቀበለ ነው። የከምባታም ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ በፊት በእሳት ዳር ከሽማግሌዎች ተረት ሰምቷል። እንግዲህ ማዳመጥ ለእርሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መምህሩ ከዚያው ይጀምር።

ከማንበቡ አስቀድሞ «ቀበሮው ለምን እንደ ሸሸ አዳምጡ» ብሎ አንድ ጥያቄ ይስጣቸው። ንባቡም አጭር ይሁን። ሕፃናቱ ጥያቄያቸውን እስከ ፍጻሜው ይያዙ፤ ከዚያም እጃቸውን እያነሡ በተራ ይናገሩ። በመጨረሻ አንዱ የሰማውን ይተርክ፥ ሁለተኛውም የጎደለውን ይሙላ። የጓደኛውን ቃል ያልሰማ የጎደለውን ሊሞላ አይችልምና፥ በዚህ መንገድ እርስ በርሳቸው መስማትን ይለምዳሉ።

ተረቱ በአማርኛ የተጻፈ እንደ ሆነ አስቀድሞ ፍሬ ነገሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይነገራቸው። ቋንቋውን ያልተረዳ ሕፃን ቢቅበጠበጥ ስለ አልገባው እንጂ ስለ ባለጌነቱ አይደለም።

ከሁሉም በላይ መምህሩ ራሱ የሕፃኑን ቃል ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይስማ። ቃሉ የተሰማለት ልጅ የሌላውን ቃል ይሰማል፤ የታመነ ልጅም የተሰጠውን መጽሐፍ ከእርሱ በኋላ ተራ ለሚጠብቀው ልጅ ሳያጎድል ያደርሳል። እንግዲህ ሣጥኑ ይከፈት፥ አምስቱም ሥርዓት ከመደርደሪያው በላይ ይጻፍ፥ ሥራውም በጥቂት መጻሕፍት ይጀመር።