አባትነት በጽሑፍ ይጽና



አባቶቻችን «እናት እውነት ናት፣ አባት ግን እምነት ነው» ሲሉ የተናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናት ልጅዋን መውለድዋ ብቻውን እናትነትዋን ያረጋግጣል፤ ሕጉም ከዚህ ሌላ አይጠይቃትም። አባትነት ግን በዐይን የሚታይ ነገር ስላልሆነ በሌላ መንገድ መታወቅ አለበት። ዛሬ ልናነጋግራችሁ የተነሣነውም ጋብቻ ሳይፈጽሙ ልጅ ስለ ወለዱ አባቶችና አባትነታቸውን በሕግ ፊት ስለሚያጸኑበት ጽሑፍ ነው።

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትነት የሚታወቅባቸውን ሦስት መንገዶች ይደነግጋል። የመጀመሪያው የሕግ ግምት ነው፤ ይኸውም በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው፤ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል ለተወለደውም እንዲሁ አብሮ የሚኖረው ሰው አባቱ ነው ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው አባት ራሱ ቀርቦ ልጅነትን ሲቀበል ነው። ሦስተኛው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከሦስቱ በአንዱ አባቱ ያልታወቀለት ልጅ በሕግ ፊት ዝምድናው ከእናቱና ከእናቱ ወገን ጋር ብቻ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሳሪስ አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አለ እንበል። መካኒሳ ከምትኖር ወጣት ልጅ ወለደ፤ አብረው ግን አይኖሩም። ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ለወተትና ለልብስ ይሰጣል፤ ሕፃኑ ክርስትና ሲነሣ ድግሱን የደገሰው እርሱ ነው፤ ጎረቤቱም ሁሉ አባትየውን ያውቀዋል። ይህ ሰው «እኔ ልጄን አልካድኩ፤ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?» ቢል ብዙዎቻችን እውነቱን ነው እንል ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሰው አንድ ቀን በድንገት ቢሞትስ? እናቲቱ ሕፃኑን አዝላ የጡረታ አበል ልትጠይቅ ስትሄድ የምትጠየቀው የድግሱን ነገር ሳይሆን የልጅነቱን ማስረጃ ነው። የሟቹ ወንድሞችና እህቶች ትናንት ሕፃኑን ሲስሙት የነበሩ ቢሆኑም ውርስ በመካከል ሲገባ «አናውቀውም» ሊሉ ይችላሉ። አባት በሕይወቱ ሳለ በአንድ ቀን ሊፈጽመው ይችል የነበረውን ጉዳይ እናትና ልጅ በክርክር ለብዙ ጊዜ ይደክሙበታል።

ይህ እንዳይሆን ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል? አባት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ከሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ቀርቦ «የዚህ ልጅ አባት ነኝ» ሲል ቃሉን ይሰጣል። ይህንኑ ገና በማኅፀን ስላለ ፅንስም ሊያደርግ ይችላል። በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ መቀበልም ይቻላል። ሆኖም ቃሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ «ልጄ ነው ሲል ሰምተናል» የሚል የምስክር ቃል ልጅነትን እንደ መቀበል አይቆጠርም። ደግሞም እናቲቱ ነገሩ እውነት ነው ብላ ካልተቀበለችው የአባትየው ቃል ዋጋ አይኖረውም፤ ልጁ ለአካለ መጠን ደርሶ እንደ ሆነ መቀበል ያለበት ራሱ ልጁ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወላጆች መታወቂያቸውንና ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ የሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ይዘው አብረው ቢቀርቡ ጉዳዩ ይቀላል። ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ስለ ሆነ ቀኑ ሳያልፍ መሄድ ይገባል። አባትየው ባይገኝ እናት የልጅዋን ልደት ከማስመዝገብ ወደ ኋላ ማለት የለባትም።

ይህ መዝገብ በአገራችን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በሰፊው ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ሥራ ላይ የሚውልበትን ጊዜ ለሌላ ቀን አስተላለፈው። አዋጅ ቁጥር 760/2004 የወሳኝ ኩነት ምዝገባን ደንግጎ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። 56 ዓመት የተጠበቀ መዝገብ ዛሬ በየወረዳችን ተከፍቶ ሳለ የልጅን ስም ሳያስጽፉ መቅረት ያሳዝናል።

አባት ለመቀበል እምቢ ቢል ደግሞ ሕጉ በሩን አልዘጋም። የ1952ቱ ሕግ አባትነት በፍርድ እንዲታወቅ የፈቀደው እናቲቱ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ እንደ ሆነ ብቻ ነበር። የ1992ቱ ሕግ ግን በሩን አስፍቶታል፤ በጋብቻ ተስፋ ወይም በሥልጣን ተታልላ እንደ ሆነ፣ ሰውየው አባትነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ እንደ ተገኘ፣ በፅንሱ ወራት የማያቋርጥ ግንኙነት እንደ ነበራቸው፣ ወይም ልጁን እንደ አባት ሆኖ ሲረዳና ሲያሳድግ እንደ ነበረ ቢረጋገጥ ፍርድ ቤት አባትነቱን ሊወስን ይችላል። እንግዲህ ያ የሳሪሱ ሰው የሰጠው ወተትና የደገሰው ድግስ ከንቱ አይቀሩም ማለት ነው፤ ነገር ግን ለልጁ የሚጠቅሙት በክርክር መንገድ ከተመሰከሩ በኋላ ነው።

አንዳንዱ «ስሜን ባስጽፍ ተቆራጭ እከፍላለሁ» ሲል ይፈራል። ሌላው ሕጋዊ ሚስቱን ወይም የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ይፈራል። ሆኖም ልጁ ባልፈጸመው ነገር ዕዳ ሊሸከም አይገባውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ የውርስ ሕጉም በመካከላቸው አይለይም። «ዲቃላ» የሚለው ስድብ በሕጋችን ውስጥ ስፍራ የለውም፤ በአንደበታችንም ሊኖረው አይገባም።

በመጨረሻም የመንግሥት ሠራተኛ ለሆናችሁ ሁሉ አንድ ቃል እንጨምራለን። ከእናንተ መካከል በመዝገቡ ጠረጴዛ ኋላ የምትቀመጡ አላችሁ። ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን የቀረበችውን እናት «አባቱ የት አለ?» ብላችሁ በሰው ፊት አታሳፍሩአት፤ በለሆሳስ ጠይቁአት፤ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ንገሩአት፤ «ነገ ተመለሺ» ከማለት በፊት ከለቡ ወይም ከላፍቶ በታክሲ ተጋፍታ የመጣች መሆንዋን አስቡ። ከእናንተ መካከል አባት የሆናችሁና እስካሁን ቃላችሁን በጽሑፍ ያልሰጣችሁ ደግሞ በዚሁ ሳምንት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቁ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።