ከደረቅ አየር የሚገኝ ውሃ

እሷ፦ የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ ተሰጥቷል። አንተ ሥራቸውን ለአድማጭ ስታስረዳ ከየት ትጀምራለህ?

እሱ፦ ከቀዳዳው! የብረታ ብረት አዮኖችን በካርቦን አዘል ሞለኪውሎች ያያይዛሉ፤ የሚወጣው ውስጡ ባዶ ክፍል የሞላበት ክሪስታል ነው። ስፖንጅ በይው፤ ልዩነቱ የቀዳዳውን ስፋት ሠሪው አስቀድሞ መምረጡ ነው። ያጊ በ1999 ይፋ ያደረገው ሞፍ-5 የተባለ ክሪስታል፣ ጥቂት ግራሙ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያክል የውስጥ ገጽ አለው።

እሷ፦ ቆይ፣ በማንኪያ የሚነሳ ዱቄት?

እሱ፦ አዎ፣ ግድግዳውን ሁሉ ዘርግተሽ ብትለኪው።

እሷ፦ ከደረቅ አየር የሚገኘው ውሃስ?

እሱ፦ የያጊ ቡድን የዚህ ዓይነት ክሪስታል ዱቄት አሪዞና በረሃ ላይ ሞክሯል። ማታ ዱቄቱ ከአየሩ እርጥበት ይይዛል። ቀን ፀሐይ ስታሞቀው ይለቀዋል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። መብራት አልፈለገም።

እሷ፦ እኔ ግን የድርቅ መድኃኒት ተገኘ ለሚሉ ቸኳዮች አላጨበጭብም። መንደር ለማጠጣት ስንት ኪሎ ዱቄት ሊፈጅ ነው? ዋጋውስ?

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ፤ ጉድጓድ ባለበት ጉድጓድ ይሻላል። እኔን የሚያጓጓኝ ክሪስታሉ ጋዝ መኖሩን መጠቆም መቻሉ ነው። አንዳንዱ ክሪስታል ጋዝ ሲገባበት ቀለሙ ወይም የሚሰጠው ብርሃን ይለወጣል። ችግሩ እርጥበት ነው፤ ውሃ ቀዳዳውን ቀድሞ ከያዘ ለሌላው ቦታ አይተርፍም።

እሷ፦ በረሃ ላይ የጠቀመው ጠባይ እዚህ ጠላቱ ሆነ በለኛ!

እሱ፦ ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ውሃ የሚገፋ ግድግዳ ለመሥራት የሚደክሙት።