ስለ ድራፍቲንግ ሙያ ለልጆቻችን ምን እንንገራቸው?

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን፣ «ልጄ ፕላን መሥራት ልማር ይለኛል፤ አሁን ይህን ሥራ ኮምፒዩተር አልወሰደውም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ኮሚቴውም መልሱን ለሁላችሁ እንድንናገር አዘዘን። እኛም በዚሁ ሙያ ጸጉራችን የሸበተ እንደ መሆናችን የምናውቀውን ያህል እንናገራለን።

እኛ ስንጀምር መሣሪያችን የንድፍ ጠረጴዛ፣ ቲ-ስኩዌር፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያና የቀለም ብዕር ነበር። በትሬሲንግ ወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ ተፍቆ ነው። እጅ የከበደ እንደ ሆነ ወረቀቱ ይበሳና የሦስት ቀን ድካም ገደል ይገባል። አውቶካድ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 ወጣ፤ ውሎ አድሮም ጠረጴዛውን ከየቢሮው አስወጣ። ታዲያ ኮምፒዩተሩ መስመሩን ያሰምራል እንጂ የት መሰመር እንዳለበት የሚያውቀው ሰውየው ነው።

ለዚህ ምስክራችን የራሳችን ጥፋት ነው። የእድራችን ዕቃ ቤት ሲሠራ ፕላኑን የነደፍነው እኛ ነን። በኤ3 ወረቀት ላይ በ1፡50 ስኬል ሠርተን የቤቱን ርዝመትና ስፋት በቁጥር ስንጽፍ፣ በጥድፊያ የበሩን ስፋት ረሳነው። ግንበኛው እጅ የገባው ደግሞ ወደ ኤ4 የተቀነሰ ፎቶ ኮፒ ነበር። ኤ3 ወደ ኤ4 ሲቀነስ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው መስመር 71 ያህል ይሆናል። እሱ ምን ያድርግ! በማስመሪያ ለክቶ በ50 ሲያበዛው 1 ሜትር ከ70 የነበረው በር 1 ሜትር ከ20 ሆኖ ቁጭ አለ። የድንኳኑ ጋሪ አልገባ አለ። ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ሲሠራ የወጣው ገንዘብ ለኀዘንተኛ የሚሰጥ ገንዘብ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ የተማረ ልጅ የት ይሠራል ብትሉ መንገዱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ በአርክቴክትና በመሐንዲስ ቢሮ የሕንፃ ፕላን፣ የፌሮ ዝርዝር፣ የቧንቧና የመብራት መስመር ይነድፋል። ሁለተኛ፣ በመንገድ፣ በውሃና በመሬት ይዞታ ሥራ ቀያሹ ያመጣውን ልኬት ወደ ካርታ ይለውጣል። ሦስተኛ፣ በብረታ ብረት፣ በአሉሚኒየምና በእንጨት ወርክሾፕ ከመቁረጥ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ልክ ያወጣል። አራተኛ፣ ተቋራጭ ዘንድ ስንት ብሎኬት፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ ከፕላኑ ያሰላል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዳንሸፋፍን። ለግንባታ ፈቃድ በሚቀርበው ፕላን ላይ የሚፈርመው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ ነዳፊው አይደለም። ስለዚህ ልጁ ነዳፊ ሆኖ ገቢ እያገኘ ወደ ላይ መማሩን እንዳይተው። ትምህርቱ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየደረጃው ይሰጣል። መግፋት ለሚሻም፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር በመተባበር የተቋቋመውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የልደታው ሕንፃ ኮሌጅ አለ።

ከዚህም ሌላ፣ ሦስት ወር አውቶካድ ተምሮ ግንባታ ያልረገጠ ልጅ ሥራ ቢያጣ አይግረማችሁ። በእረፍት ጊዜው ከግንበኛ ጋር ይዋል፤ ፌሮ ሲታሰር፣ ደረጃ ሲሠራ በዓይኑ ይይ።

በመጨረሻም፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእድሩ አዳራሽ ፕላን ማንበብ በነፃ ልናስተምር ተነሥተናል። ወንዱም ሴቷም ይምጡ፤ እርሳስ፣ ላጲስና ሜትር ይያዙ። የመጀመሪያው ልምምድ ያንኑ ዕቃ ቤት ለክቶ መንደፍ ነው። የበሩን ስፋት በቁጥር ሳይጽፍ ወደ ቤቱ የሚሄድ አይኖርም።