በየትኛው ዓይን ነው የሚያዩት?



በአገራችን ስለ ዓይን ሲነሣ ቀድመው የሚታሰቡት ትራኮማና የዓይን ሞራ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። የዛሬው ርእሴ ግን ሌላ ነው። ብሌኑ ንጹሕ ነው፣ እይታውም ደህና ነው፤ ባለቤቱ ግን አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከአንጎል ወደ ዓይን ጡንቻ የሚሄድ ነርቭ መድከም ነው። እኔን ከድካሙ ይልቅ የሚገርመኝ አንጎል ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት የሚሠራው ሥራ ነው።

እያንዳንዱን ዓይን ስድስት ጡንቻዎች ያንቀሳቅሱታል። እነሱን የሚያዙት ከ12ቱ ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች ሦስቱ፣ ማለትም ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ናቸው። ስድስተኛው የሚያዝዘው አንድ ጡንቻ ብቻ ነው፤ ዓይንን ወደ ጆሮ በኩል የሚስበውን። እሱ ሲደክም ዓይኑ ወደ አፍንጫ ይሸሻል፣ ምስሉም ጎን ለጎን መንታ ይሆናል፤ ሩቅ ሲታይ ይብሳል። ስለዚህ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የባሌ የሳነቴ ገላጣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው በሩቅ ያለውን ፈረስ ሁለት ያየዋል፤ እጁ ላይ ያለውን ልጓም ግን አንድ።

የአራተኛው ነርቭ ድካም የሚያስቸግረው ወደ ታች ሲያዩ ነው፤ አንዱ ምስል ከሌላው በላይ ይቀመጣል። ደረጃ መውረድ፣ ማንበብ፣ ከሳነቴ ወደ ሐረና ደን የሚወርደውን መንገድ በእግር መሄድ ፈተና ይሆናል። ነርቩ ቀጭን፣ ጉዞውም ረጅም በመሆኑ የጭንቅላት ግጭት በቀላሉ ይጎዳዋል። ከፈረስ ወይም ከሞተር ሳይክል የወደቀ ሰው «ከዚያ ወዲህ መሬቱ ሁለት ሆነብኝ» ካለ ድንጋጤ ነው ብለን አንለፈው። ሦስተኛው ሲመታ ደግሞ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ዓይኑም ወደ ታችና ወደ ውጭ ይዞራል። ቆቡ ዓይኑን ስለሚከድነው መንታ ማየቱ ላይታወቅ ይችላል። የቆቡ መውደቅ ከከባድ ራስ ምታትና ከሰፋ ብሌን ጋር ከመጣ ግን በአንጎል ውስጥ የደም ሥር አብጦ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። የእነዚህ ድካሞች መንስኤ ብዙ ነው፤ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት፣ የቲቢ ማጅራት ገትርም አለበት። መንስኤውን ማግኘት የሐኪሙ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ያ ከተደረገ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቫልት ሄሪንግ በ1868 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስቀመጠው ሕግ አለ፤ ሁለቱ ዓይኖች እንደ ጥማድ በሬ በአንድ ቀንበር ሥር ናቸው፣ ትእዛዙም ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። በባሌ ሲናና ላይ ስንዴ የሚያጭድ የኮምባይነር ሾፌር የቀኝ ስድስተኛ ነርቩ ደከመ እንበል። የማጨጃውን የቀኝ ጫፍ በደህናው በግራ ዓይኑ ካየ፣ አንጎሉ የተለመደውን ትእዛዝ ይልካል፤ ቀኝ ዓይኑ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ግራ ዓይኑን ሸፍኖ በደካማው ካየስ? ደካማውን ጡንቻ ለመጎተት አንጎል ትእዛዙን ማጠንከር አለበት። ያ የጠነከረ ትእዛዝ ከሽፋኑ ሥር ላለው ለደህናውም ዓይን ይደርሳል፤ እሱም ከሚገባው በላይ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ በአንዱ ዓይኑ ሲያይ ትንሽ ሸውራራ፣ በሌላው ሲያይ በጣም ሸውራራ ሆኖ ይገኛል።

አንጎል በዚህ ብቻ አያበቃም። ዓይናችን ከነገር ወደ ነገር የሚሄደው በፈጣን ዝላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዝላይ አንጎል ሁለት ነገር ያወጣል፤ ዓይኑን የሚወረውር አጭርና ኃይለኛ ግፊት፣ ከዚያም በደረሰበት ቦታ የሚያቆየው የማያቋርጥ መያዣ። ጡንቻው ሲሰንፍ ዝላዩ ሳይደርስ ይቀራል። በዚያው አቆጣጠር በ1976 ጀርመናዊው ሐኪም ጉንትራም ኮሜሬል ከባልደረቦቹ ጋር ስድስተኛ ነርቫቸው የደከመባቸውን ሰዎች መርምሮ ያሳየው፣ የተዳከመውን ዓይን ለማየት የሚጠቀም ሰው አንጎሉ ግፊቱንም መያዣውንም ለዚያ ዓይን እንደሚያስተካክል ነው። ጡንቻው አልዳነም፤ ትእዛዙ ተለወጠ እንጂ። በ1980 ደግሞ ላንስ ኦፕቲካንና ዴቪድ ሮቢንሰን በአሜሪካ በጦጣዎች ላይ ሠርተው፣ አስተካካዩ ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሐኪሞች ሴሬቤለም የሚሉት፣ መሆኑን አሳዩ። እሱ ሲወገድ ዝላይን የማረም ችሎታ ጠፋ። ሴሬቤለሙ የተጎዳ ሰው ከነርቭ ድካም ጋር ራሱን ማላመድ ቢያቅተው ታዲያ ስንፍና አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንጎል የሚያርመው የምናይበትን ዓይን ነው። እንግዲያው መንታውን ለማጥፋት የሚደረግ የዓይን ሽፋን ተራ ጨርቅ አይደለም፤ የትኛው ዓይን እንዲማር የሚወስን ነው። ደህናው ከተሸፈነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ራሱ ይስታል። አንጎል በላከው ጠንካራ ትእዛዝ ስለሚፈርድ ዕቃው ካለበት ይበልጥ ወደ ጎን ያለ ይመስለዋል። ሲኒውን ሊያነሣ እጁን የዘረጋ ሰው ከሲኒው አልፎ ጀበናውን ይነካል። ይህ ከጊዜ ጋር ይታረማል፤ ነገር ግን ምድጃ አጠገብ የምትሠራ ሴትና ኮምባይነር የሚነዳ ሰው እስኪታረም ድረስ ያለው ጊዜ ያሳስበኛል። ደህናውን ዓይን መሸፈን ነርቩን ቶሎ ያድናል የሚል ማስረጃ የለም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ፣ ለአዋቂ ሰው በሥራ ሰዓት ደካማውን መሸፈን ይሻላል የሚል ነው። መንዳቱ ግን በአንድ ዓይን ጥልቀትን መገመት እስኪለመድ ይቆይ።

ሌላው ማላመጃ አንገት ነው። የቀኝ ስድስተኛ ነርቩ የደከመ ሰው ፊቱን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ደካማው ጡንቻ እንዳይሠራ። አራተኛው የደከመበት ጭንቅላቱን ከደካማው ወደ ተቃራኒው ትከሻ ያጋድላል። ይህን እንደ ጥፋት አይተው «አንገትህን አቅና» የሚሉ ሰዎች ያንን ሰው መልሰው መንታ ውስጥ ይከቱታል። ያጋደለው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ወጌሻ ዘንድ ከመውሰድ በፊት ዓይኑ ይታይ። አንዳንዱ ሰው በሠላሳ ዓመቱ መንታ ማየት ጀመረኝ ብሎ ይመጣና የልጅነት ፎቶግራፉ ሲታይ ያኔም ጭንቅላቱን አጋድሏል፤ አብሮት የተወለደ ድካም ነበር፣ አንጎሉ ለዓመታት ተሸክሞት ኖረ። በልጅ ላይ ሌላ ስጋትም አለ። የልጅ አንጎል መንታውን የሚያጠፋው አንዱን ምስል በመተው ነው። በተለይ ከሰባትና ስምንት ዓመት በታች ያ ዓይን ማየትን ሳይማር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በልጅ ዓይን ላይ ሽፋን ያለ ባለሙያ አይደረግም።

ከስኳርና ከደም ግፊት የመጣ ድካም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ገደማ ራሱ ይሻላል። የማይሻለው ብዙውን ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚሄደው ስድስት ወር ያህል ከተጠበቀና ልኬቱ ከረጋ በኋላ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ተቃራኒው ጡንቻ ሊያጥር፣ ሸውራራነቱም መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ከባሌ ሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚደርስ ታማሚ የሚመረምረው ሐኪም የሚያየው የመጀመሪያውን ድካም ብቻ ሳይሆን አንጎል በላዩ የጨመረውንም ነው። ስለዚህ በሮቤና በጎባ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች ሪፈራል ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር እንድትጨምሩ እለምናለሁ፤ ታማሚው እስካሁን በየትኛው ዓይን ሲያይ እንደቆየ፣ ሽፋን አድርጎ ከሆነም የትኛውን ዓይን ለስንት ሳምንት እንደሸፈነ።