ሁለት ኮምፒውተር ያስፈልጋል ወይ?

እሷ፦ አንድ አድማጫችን ጌም እየተጫወተ በቀጥታ ማስተላለፍ ፈልጎ፣ «ሁለተኛ ኮምፒውተር ልግዛ ወይ?» ይላል።

እሱ፦ ኧረ ገንዘቡን ይያዝ! የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለው፣ አብዛኞቹ ካርዶች ላይ ቪዲዮ ለመጭመቅ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፤ ኤንቬንክ ይባላል። ኦቢኤስ የሚባለው ነፃ የማስተላለፊያ ፕሮግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኤንቬንክን ይምረጥ። ኤክስ264 የሚባለው ምርጫ ላይ ከተወው ሥራው ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ጌሙ ሊንቀራፈፍ ይችላል።

እሷ፦ ኢንተርኔቱስ?

እሱ፦ ሰው ሁሉ የሚያየው የዳውንሎዱን ፍጥነት ነው። እዚህ ወሳኙ አፕሎዱ ነው። በ1080ፒ፣ በሴኮንድ 60 ፍሬም ለማስተላለፍ በየሴኮንዱ 6 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል፤ በሰዓት 2.7 ጊጋባይት መሆኑ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው...

እሷ፦ ኪሱን ያራቁተዋላ!

እሱ፦ እንግዲያው 720ፒ፣ 30 ፍሬም ላይ ይቆይ፤ 3 ሜጋቢት ይበቃዋል።

እሷ፦ መብራት ሲጠፋስ? እያስተላለፈ የቀዳው የሁለት ሰዓት ቅጂ ድራሹ ይጠፋል እኮ።

እሱ፦ የመደበኛ ኤምፒ4 ቪዲዮ ፋይል ማውጫ የሚጻፈው ቀረጻው ሲዘጋ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ አልከፈትም ይላል። ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ከቀዳ ግን እስከተቋረጠበት ያለው ይተርፋል። በኋላ ኦቢኤስ ራሱ ጥራቱን ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይለውጥለታል።

እሷ፦ ካሜራስ?

እሱ፦ ይቆይ። ተመልካች ደብዛዛ ፊት ይችላል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይችልም። ማይኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ያድርገው፤ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ይምረጥ።

እሷ፦ እንግዲህ ሰማህ ወንድማችን፤ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ተወውና መብራት ሲጠፋ የሚይዝልህ ዩፒኤስ ግዛ።